ባዶ ዛፍ የተገመተለት አትክልተኛ

አትክልተኛው ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ልክ አያውቅም። የኤሌክትሪክ መስመር የብርቱካን ማሳውን አቋርጦ እንደሚያልፍ ሲነገር ሌሎቹ ባለመሬቶች አበዱ፤ እሱ ዝም ብሎ አሰበ። በሽቦው ሥር ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዛፍ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ማሳው ሄዷል። ካሳው በወጉ ከተገመተለት ግን ከወንድሙ ይዞታ አጠገብ የምትሸጠውን ቁራሽ መሬት ገዝቶ እንደገና መትከል ይችላል። በዚህ ዕድሜው ሌላ ሙያ አይለምድም። ተስፋው ይህችው ነበረች።

የካሳው ገማች የሚመጣበት ቀን ሲቆረጥ ወገቡን ታጥቆ ተነሣ። ፍሬውን አንድ ሳያስቀር ለቀመ። ቅርንጫፉንም ከርክሞ ከርክሞ ዛፎቹን ጉቶ አስመሰላቸው፤ ያረጀ ብርቱካን የሚታደሰው እንዲህ ሲከረከም ነው። ሚስቱ ፍሬው እንደተንዠረገገ ይዩት፣ ዓይን ያየውን ማን ይክዳል ብላ ለምናው ነበር። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እንግዳ እየመጣበት ቤቱን የማይጠርግ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ገማቹ ጨዋ ወጣት ነበር። በረንዳው ላይ አስቀምጠው ብርቱካን በቅርጫት ሙሉ አቀረቡለት። ሁለት በላና ጣፋጭነቱን አደነቀ። ከዚያ ማሳውን ዞሮ ተመለሰና ዛፎቹን ሁሉ ፍሬ የማይሰጡ ብሎ እንደመዘገባቸው፣ ክፍያውም በችግኝ ዋጋ እንደሚሆን ነገራቸው። አትክልተኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«ልጄ፣ አሁን የበላኸው ከየት የመጣ መሰለህ?»

«ከእርስዎ ዛፍ መሆኑን አልጠራጠርም፣ አባባ። መመሪያው ግን ዛፉ ላይ ያየኸውን ገምት ነው የሚለው። ምን ልቁጠር?»

ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ረግመውት ይወጣላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ ወቀጣ ነው። አትክልተኛው የአቤቱታ ሰሚውን ቢሮ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ጉልበቱ አለቀ። ጎረቤቶቹ ሊመሰክሩለት ሄዱ፤ የሰው ቃል አይያዝም ተባሉ። ዛፎቹ እስኪያቆጠቁጡ ጠብቁኝ ብሎ ለመነ፤ ግምት የሚጸናው በዕለቱ በታየው ነው አሉት። ሚስቱ አንድም ቀን ብዬህ ነበር አላለችውም፤ ከሁሉ ያቃጠለው ይህ ነው።

ካሳው ሲወጣ በወንድሙ ይዞታ አጠገብ ያለችው መሬት ለሌላ ተሸጣ ነበር። ባትሸጥም ገንዘቡ አይበቃትም ነበር።

«የችግኝ መግዣ ሰጥተው መትከያዬን ወሰዱ» አለ ለሚስቱ። ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ አልሳቀችም።

ዛፍ ቆራጮቹ ሲመጡ ብርቱካኖቹ አቆጥቁጠው፣ አንዳንዶቹም አበባ ይዘው ነበር። ባለመጋዙ የመጀመሪያውን ወፍራም ቅርንጫፍ ከላይ በኩል መቁረጥ ሲጀምር አትክልተኛውን አላስችል አለው። ሄዶ ክንዱን ያዘው። ሚስቱ ሊጣላ ነው ብላ ደነገጠች።

«እንደሱ አይደለም። መጀመሪያ ከታች በኩል ትንሽ ቁረጠው። አለዚያ ቅርፊቱ ይላጥና ቁስሉ አይድንም።»

ባለመጋዙ መጋዙን አጠፋ።

«አባባ፣ ሥሩንም እኮ ነው የምንነቅለው» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለ አትክልተኛው። ክንዱን ግን አልለቀቀውም። «ቢሆንም ከታች ጀምር።»