የሮኬቱ ምስክር

ያን ሰሞን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሮኬቱ ወሬ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ሰው ጨረቃ ላይ ሊያወርድ የተሠራ ነው አሉ። የመስጊዱን ሚናራ ሦስት ጊዜ ቢደራርቡት ቁመቱ ላይ አይደርስም፤ ሲነሣ ምድር ትንቀጠቀጣለች። የባጃጅ ልጆች ፎቶውን መስታወታቸው ላይ ለጥፈውታል። ከባሕር ማዶ ተነሥቶ በሐይቅም ሰማይ ላይ ያልፋል ተባለ። የሚነሣበት ቀን ደግሞ ሻዕባን ሃያ ዘጠኝ ሆነና የረመዷን ጨረቃ ከምትጠበቅበት አመሻሽ ጋር ገጠመ።

የጋሽ ኑርዬ ጭንቀት ሌላ ነበር። ጋሽ ኑርዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከተማው የሚያከብራቸው ግን በዓይናቸው ነው። ከአባታቸው ጀምሮ ጨረቃን አይቶ መመስከር የእነሱ ቤት ወግ ነው። የመስጊዱ ሸህ ሰዑድ ደሴ ደውለው "ታይታለች" የሚሉት ኑርዬ ወላሂ ካለ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን የመርፌው ቀዳዳ ከዳቸው። ክሩን በምራቃቸው እያራሱ ቢሞክሩ፣ ቢሞክሩ እምቢ አላቸው። ልጃቸው ሀዲያ ናት ሰው ሳያይ የምታስገባላቸው። ዓይን ለቅርቡ ደክሞ ለሩቁ ሊበረታ እንደሚችል የነገራቸው ሰው የለም። እሳቸውም ፈርተው፣ ሲመሽ ወደ ሰማይ ቀና ማለቱን ትተውት ነበር።

ይህን ያወቀባቸው የሰፈሩ ልጅ ሙስዓብ ነው። ከሪያድ የተመለሰ ሰሞን ሱሪ ሊያሳጥር ሲገባ ሀዲያ ክር ስታስገባ አየ፤ ነገሩን በልቡ ይዞ ወጣ። ሙስዓብ የቆየ ቂም ነበረው። ልጅ ሳለ የዒድን ጨረቃ አየሁ ብሎ እየሮጠ ቢመጣ፣ ጋሽ ኑርዬ "ያየኸው ሆድህን ነው" ብለው ሰው አሳቁበት። ያ ሳቅ ሪያድ ድረስ ተከትሎት ሄዷል።

የዚያን ዕለት ሰዉ ኮረብታው ላይ ወጥቶ የመግሪብን ሶላት እዚያው ሰገደና ፊቱን ወደ አምባሰል ተራሮች አዞረ። ሙስዓብ ከጓደኛው ከሙነወር ጋር መጥቶ ጋሽ ኑርዬ ጎን ቆመ።

"ያው ሮኬቱ" አለ። "ከደመናዋ በስተቀኝ። ቀይ ነጥብ ነው፤ ነጭ ጭራ ይጎትታል።"

"ሱብሐነላህ፣ እንዴት ይፈጥናል" አለ ሙነወር።

ሌሎቹ ወጣቶችም ወዲያው "ታየን" አሉ። አንዱ ስለ ጭራው፣ አንዱ ስለ እሳቱ ያወራል። ጋሽ ኑርዬ ደመናዋን አዩ፤ ቀኟን አዩ፤ ባዶ ነው። ጨፍነው ገለጡ፤ አሁንም ባዶ ነው።

"ለኔ አልታየኝም" አሉ ሸህ ሰዑድ። "የኔ ዓይንማ ድሮ ሄዷል።"

"ለእርስዎ ይፈቀዳል ሸሁ" አለ ሙስዓብ። "ክር የምታክል ጨረቃ የሚያዩት ጋሽ ኑርዬ ግን ይህን የሚያህል ሮኬት ያጡታል? ምነው ዝም አሉ ጋሼ?"

"እያየሁት ነው" አሉ ጋሽ ኑርዬ።

"ጭራው አሁን ለሁለት ተከፈለ፣ አይደል?"

"አዎ፣ ተከፍሏል።"

"እስቲ ወላሂ ይበሉ።"

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

"ወላሂ፣ አየሁት" አሉ።

ሙስዓብ ስልኩን ከፍቶ ለሸሁ አቀበላቸው። "ይዩት። ነዳጅ ስላንጠባጠበ ለሌላ ሳምንት አስተላልፈውታል። ሮኬቱ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።"

ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሙነወር ሆዱን ይዞ፣ "እስከ ዛሬም ጨረቃዋን ያዩልን እንዲህ ነዋ" አለ። "ስንቱን ረመዷን በጋሼ ሮኬት ጾምነው?"

ጋሽ ኑርዬ ፊታቸውን ለመደበቅ ወደ ተራራው ዞሩ። እዚያ ነበረች። ከአምባሰል ጫፍ ጥቂት ከፍ ብላ፣ ተቆርጣ እንደወደቀች ጥፍር ቀጥናና ጎብጣ፣ ቁልጭ ብላ ትታያቸዋለች።

"ሸሁ" አሉ በጣታቸው እያመለከቱ፣ "ጨረቃ ያቻት።"

ሳቁ እንደገና አገረሸ። "ጭራዋ ስንት ነው?" አለ አንዱ።

ሸህ ሰዑድ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። "ሙስዓብ፣ ያንተ ዓይን ልጅ ነው። ጣታቸውን ተከትለህ እይ።"

ሙስዓብ ጠጋ ብሎ አየ። ጋሽ ኑርዬ ጨረቃዋን ትተው የልጁን ዓይን ይመለከቱ ጀመር። ዓይኑ ተራራውን ተሻግሮ ልክ እሷ ያለችበት ሲደርስ ቆመ። ወዲያ ወዲህ አላለም። ከንፈሩ ትንሽ ተላቀቀ። ከዚያ ወደ ሸሁ ዞረ።

"ምንም የለም" አለ።

ሸህ ሰዑድ ወደ ጋሽ ኑርዬ ዞሩ። "ኑርዬ፣ ወላሂ ትላለህ?"

ቃሉ አፋቸው ውስጥ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሳያጎድፉ ያኖሩትን ቃል፣ ከአፍታ በፊት ባዶ ሰማይ ላይ ጥለውታል። በዚያው ምላስ አላህን መልሰው ሊጠሩ ሞከሩ። ድምፅ አልወጣላቸውም።

ሸሁ ጠበቁ፣ ጠበቁና ስልካቸውን አውጥተው ደሴ ደወሉ። "ከሐይቅ በኩል ያየ የለም" አሉ።

ሰዉ እየተጫወተ ቁልቁል ወረደ። ሙስዓብ በአጠገባቸው ሲያልፍ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

"ታምራለች፣ አይደል ጋሼ?" አላቸውና ሄደ።

ጋሽ ኑርዬ አልተከተሉም። ጨረቃዋ ዝቅ እያለች የተራራውን ጫፍ እስክትነካ፣ ከዚያም አንድ ቀንዷ ብቻ እስኪቀር፣ እሱም እስኪገባ ድረስ ቆመው አዩዋት።