ሰባት ቁጥር ዳሊያ

«ለሚመለከታችሁ ሁሉ» ብሎ ጀመረ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስተካክሎ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ቀንድ አውጣ፣ ቅርፊት ያለውም ሆነ የሌለው፣ ከውኃ ቧንቧው እስከ ኋላው አጥር ባለው ይዞታ ውስጥ መግባት፣ መዋል፣ ማደርና ቅጠል መብላት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናስታውቃለን። ይህን ተላልፎ የተገኘ ጨው ይጠብቀዋል።»

ሚስቱ በጀሶ የታሰረ እግሯን ሁለት ትራስ ላይ አስቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ ማኅተም እንደሚጎድለው ነገረችው። ደግሞም ጨው ቀንድ አውጣውን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ስለሚገድል፣ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ተሰርዞ «በእጅ ይለቀማል» ተብሎ እንዲታረም አዘዘች። እሱም አረመ፤ ወጥቶም ወረቀቱን ከቧንቧው አጠገብ ባለው ቋሚ እንጨት ላይ ለጠፈው። ቀትር ሳይሆን አንዱ ቀንድ አውጣ ማስታወቂያው ላይ ወጥቶ «በጥብቅ» የሚለውን ቃል ሲግጥ አገኘው።

ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ፋይል» ይለዋል፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋው ለኑሮ፣ የምትኖረው ለዳሊያዎቿ ነው ብትባል አትቀየምም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የአበቦቿን ሥር ተክላ በጨረሰች ማግስት፣ እርጥብ ደረጃ አንሸራቷት ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ጓሮው በሙሉ በባሏ እጅ ወደቀ።

ጋሽ ፋይል ስለ አበባ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሠርግና ቀብር ላይ እንደማይጠፋ ብቻ ነበር። አሁን ግን የዳሊያ ሥር ስኳር ድንች እንደሚመስል፣ ብርድ እንደማይችል፣ ቡቃያው ስንዝር ሳይሞላ ጠላቱ እንደሚበዛ በሚገባ ተምሯል። ቀንድ አውጣ ቅጠሉን ይግጠዋል፣ ቆራጭ ትል ከግንዱ ይገዘግዘዋል፣ ለጋው ጫፍ ላይ ደግሞ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ እንደ ተነሰነሰ ዱቄት ተጣብቆ ይመጥጠዋል። ጸደዩም ራሱን የቻለ ጠላት ነበር። ጠዋት ሹራብ ያስወልቃል፣ እኩለ ቀን ላይ በረዶ ያወርዳል፣ ወዲያው ምንም እንዳላደረገ ሰው ፀሐይ አውጥቶ ይስቃል። ጋሽ ፋይል በየጠዋቱ ዞሮ ይለቅማል፣ ቅጠሉን በሳሙና ውኃ ይጠርጋል፣ ከዚያ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ሪፖርት ያቀርባል፦ የተጎዳ ሦስት፣ የተማረከ አሥራ አንድ፣ የሞተ የለም። የተማረኩት የት እንደሚደርሱ ስትጠይቀው «ተሸኝተዋል» ይላል። የሚሸኙት በአጥሩ ላይ ተወርውረው ወደ ጎረቤት ጎመን መሆኑን እንዲናገር የጠየቀው የለም።

የዚያን ቀን ምሳ እንደበሉ ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ደወለች። ስልኳ ላይ የአየር ትንበያውን አይታ ነው። ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ውርጭ ይጥላል፣ አባዬ የእማዬን አበባ አደራ ብላ ዘጋች።

ሚስትየው ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እንደ ጦር አዛዥ መመሪያ መስጠት ጀመረች። አሮጌው መጋረጃ፣ ማዳበሪያ ጆንያው፣ የልብስ ስፌቱ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁሉ ይውጣና ቡቃያዎቹ ይሸፈኑ። ከተረፉ ተረፉ፣ ካልተረፉ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሥር ይገዛል።

«አንዷን ግን በጨርቅ አላምናትም» አለች። «ትልቁን የሸክላ ማሰሮ አምጣና ሰባት ቁጥርን ከነአፈሯ አንሣልኝ። እዚህ አጠገቤ ትደር። የእናቴ ናት።»

ጋሽ ፋይል ክው አለ።

ሰባት ቁጥርን ያውቃታል። የሚስቱ እናት ሞተው ወንድምና እህት ቤትና ዕቃ ሲከፋፈሉ ሚስቱ የካፖርቷን ኪስ በጭቃ ሞልታ ያመጣቻት ሥር ናት፤ ጥቁር ቀይ ሆና ጫፏ ላይ ነጭ ጣል ያለባት። ሃያ ስድስት ዓመት ስትባዛ ኖራ ባለፈው ክረምት ዕቃ ቤት ውስጥ ሥሮቿ ሁሉ በስብሰው አንድ ብቻ ቀርታለች። እርሷ ከሞተች ገበያ ላይ አትገዛም።

ክው ያደረገው ግን እሱ አይደለም። ሃያ ሦስቱ ዳሊያዎች እያንዳንዳቸው አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ እንጨት አላቸው። ሚስቱ የተከለቻቸው በቁመት ነበር፤ የሚረዝመው ከኋላ፣ የሚያጥረው ከፊት። ስለዚህ እንጨቶቹ አሥራ አራት፣ ሦስት፣ ሃያ ሁለት፣ ዘጠኝ እያሉ ነበር የተደረደሩት። እሷ እግሯን ለማሳሰር ሆስፒታል ባደረች ቀን ጋሽ ፋይል ቆሞ ይህን ጉድ አየ። ሦስት ከአሥራ አራት ቀጥሎ። አላስቻለውም። እንጨቶቹን በሙሉ ነቀለ፣ አጠበ፣ ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት በተራ ቁጥር መልሶ ተከላቸው። በዚያን ጊዜ ከአፈሩ ላይ አንድም ቡቃያ አልወጣም ነበር። ሥራውን ጨርሶ ወገቡን ይዞ ሲያየው በጣም ደስ ብሎት እንደነበር እንኳ ያስታውሳል። ስትድን አይታ ትገረማለች ብሎ ለድንገተኛ ደስታ አስቀምጦት ነበር።

እንጨቶቹ ቁጥር ብቻ ሳይሆኑ የእያንዳንዱ ተክል ስም መሆናቸው የገባው አሁን፣ በሩ ላይ ቆሞ ነው።

ጓሮ ወጣ። ሃያ ሦስት ቡቃያ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ስንዝር የማይሞላ፣ ሁሉም እንደ አንድ እናት ልጆች። ቅጠል አገላበጠ፣ ግንድ ዳበሰ። ተንበርክኮ አንዱን በጥፍሩ ጫር አድርጎ አየው። ምንም የለም።

እንደተንበረከከ ከአጥሩ ወዲያ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማ። ጎረቤቱ ናት፤ ግማሽ ሰፈሩን ያዋለደች ጡረተኛ አዋላጅ። በእጇ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዛለች።

«ጋሽ ፋይል፣ ዘመዶችህ መጥተውብኝ ነበር» አለች። «ጎመኔን እየበሉ ናፍቆታችሁን ሲያወሩ ደረስኩባቸው። ይኸው ሃያ አራት ናቸው፣ ቆጥረህ ተረከብ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይክድ ነበር። አሁን ቆርቆሮውን ሳይቆጥር ተቀበላት። አለመካዱ ስላስፈራት ምን እንደደረሰበት ጠየቀችው። እሱም የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ቀኑን ሳይቀር ጠቅሶ፣ እንደ ቃለ ጉባኤ ነገራት። አዋላጇ አጥሩን ተደግፋ ሰማችው። እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ አልሆነላትም።

«ገና ሲወለዱ ሁሉም አንድ ናቸው» አለች ትንፋሿን ስትሰበስብ። «እኛም እጃቸው ላይ ቁጥር የምናስረው ለዚያ ነው። ልጆቹን ትቶ ቁጥሩን በተራ የሚያሰልፍ ሰው ግን በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም።»

«ምን ይሻለኛል?»

«ንገራት።»

«እግሯ ተሰብሮ፣ አልጋ ላይ ሆና? ዛሬ? እናትሽን በገዛ እጄ አጠፋሁብሽ ልበላት?»

አዋላጇ አሰበች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ምክር ሰጠችው። አሁን ሰባት ቁጥር ከተጻፈበት እንጨት ሥር ያለችውን ያንሣ፣ ያስገባላት፣ ትደሰት። እስክታብብ ሦስት ወር አለ። በሦስት ወር ውስጥ እግሯ ይድናል፣ ልቧም ይበረታል፤ ያኔ የሚሆነው ይሆናል።

ጋሽ ፋይል ሌላ ሐሳብ አልመጣለትም። ሰባት የሚል እንጨት የተተከለባትን ቡቃያ በአካፋ ዙሪያዋን ቆፍሮ፣ ከነአፈሯ አቅፎ፣ ማሰሮው ውስጥ አስገባት። እንጨቷንም ጎኗ ሰካ። ይዟት ሲገባ ሚስቱ ሁለት እጇን ዘርግታ ጠበቀችው።

ማሰሮውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደገፈችና ከቅጠሎቹ ላይ አፈሩን በአውራ ጣቷ ትጠርግ ጀመር፤ ልብስ ሰፊ ክር ሲጠርግ እንደሚያደርገው፣ በቀስታ። አንዱ ቅጠል ላይ ክሽክሽ አይታ በጥፍሯ አነሣችላት። እናቷ ሁልጊዜ ጠዋት የእጅ ውኃቸውን እንኳ የሚደፉት እዚህች አበባ ላይ እንደነበር አወራችው። ታሪኩን ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ ሰምቶታል። በመቶ አንደኛው ጊዜ ግን ወንበር ስቦ መቀመጥ አቃተው።

«ታውቃለህ» አለች፣ ዓይኗን ከተክሏ ሳታነሣ፤ «ቅጠሏን ስነካት የእናቴን እጅ የነካሁ ነው የሚመስለኝ። የሞኝ ነገር ነው።»

«የሞኝ አይደለም» አለ።

«አይዞሽ» አለች ሚስቱ ለተክሏ። «ዛሬ ከእኔ ጋር ነሽ።»

በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎቱ አንድም ሐሰተኛ ሰነድ በእጁ አልፎ አያውቅም ነበር። ማኅተሟ የደበዘዘች ደብዳቤ ሳትቀር ይመልሳል። ለዚህም ብዙ ሰው ረግሞታል። አሁን ግን ሐሰተኛ እናት በሸክላ ማሰሮ አሽጎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለባለቤቷ አስረክቧል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእሱ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ትከሻውን አጎበጠው። እውነተኛዋ ሰባት ቁጥር ደግሞ ውጭ ናት። ከሃያ ሁለቱ አንዷ ሆና፣ በአሮጌ መጋረጃ ተሸፍና ውርጩን ልትጠብቅ ነው።

ተነሣ። ሚስቱ የት እንደሚሄድ ስትጠይቀው ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ።

ፀሐይ ለመጥለቅ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ቀርቷታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ንፋሱም ቆሟል፤ ልጁ በስልክ እንዳለችው ነው። ጋሽ ፋይል አካፋውን ይዞ ከአንድ ቁጥር ጀመረ። ሁለተኛው ላይ ማሰሮ አለቀ። ባልዲዎቹን አመጣ፣ ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ፣ ቀጥሎ ድስት። የድስቶቹን ጉዳይ ነገ እንደሚጠየቅበት ያውቃል። ጉልበቱ ስድስተኛው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ጀመረ። አሥረኛው ላይ እጁ ተላጠ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ዕቃ ጨርሶ መሀል ጓሮ ቆሞ ሲቁለጨለጭ፣ አዋላጇ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አለች። አየችው። ተመልሳ ገብታ አንድ በአንድ ታቀብለው ጀመር፦ የቀለም ጣሳ፣ የሕፃን መታጠቢያ ገንዳ፣ አንድ ጥንድ ረጅም የጎማ ጫማ። ጫማው ግራና ቀኝ ሁለት ዳሊያ ያዘ። ለመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ጋሽ ፋይል ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣቸውን የካርቶን ፋይል ሳጥኖች አገኘ። ውስጣቸውን በላስቲክ ሸፍኖ አፈር ሞላባቸው። የሳጥኖቹ ጀርባ ላይ «እንዳይወገድ» የሚል ጽሑፍ ነበረ።

ከዚያ ማስገባት ጀመረ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ የስፌት መኪናውና የሰው ልብስ ሞልቶታል። ማሞቂያ ያለው መኝታ ቤት ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁለት ባልዲ ይዞ ገባና መስኮቱ ሥር አስቀመጠ። ሚስቱ ጎሽ፣ ቦታ ካለ ይግቡ አለች። ሳፋውን ይዞ ተመለሰ፤ በዓይኗ ተከተለችው። ድስቶቹ ሲገቡ ከትራሷ ቀና አለች። የጎማ ጫማዎቹ ቁም ሣጥኑ ሥር ተሰልፈው ሲቆሙ ማሰሮዋን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገች። የወለሉ ጭቃ፣ የባሏ ላብ፣ የተላጠው እጁ፣ ሁሉንም አየች። እሱ ግን አላያትም፤ አንገቱን ደፍቶ እንደ ጉንዳን ይመላለሳል።

የፋይል ሳጥኖቹን ከአልጋው ግርጌ አስቀምጦ ሲጨርስ መስኮቱ ላይ የቀረው ብርሃን ጥቂት ነበር። ክፍሉ እርጥብ አፈር ይሸታል። ከግድግዳ እስከ አልጋ መራመጃ የለም። እሱ በሚተኛበት ጎን ላይም የሕፃኑ ገንዳ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ገንዳውን ወደ ራስጌ ገፋና የአልጋው ጥግ ላይ ተቀመጠ። ቁጥር የተጻፈባቸው እንጨቶች አንዳቸውም አልገቡም፤ ሁሉንም ውጭ፣ ባዶው መደብ ላይ፣ እንደተሰለፉ ትቷቸዋል።

ሚስቱ ማሰሮዋን እንዳቀፈች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እየቆጠረች መሆኗን ዐወቀ።

«ሃያ ሁለት» አለች። «ሁሉንም።»

«ሁሉንም።»

«እኔ እኮ አንሣ ያልኩህ አንዷን ነው። ሰባት ቁጥርም ይቺው እጄ ላይ ናት።» ወደ ተላጠው መዳፉ አየች፤ ከዚያ ወደ ፊቱ። «አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? እነዚህ ሁሉ ለምን ገቡ?»

ጋሽ ፋይል መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ማሰሮው ላይ ያረፈውን እጇን አየ።

«አልናገርም» አለ።

«እንዴት አትናገርም?»

«አልናገርም። እግርሽን ትንሽ ጠጋ አድርጊልኝ፣ ልተኛበት።»