ቀማሽ ያጣ ወጥ

ሀሴትን ጨው ታበዣለሽ እያልኩ ስሰድባት ነው የኖርኩት። አሰላ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በአንድ አሰልጣኝ ስር እየሮጥን፣ ሁለት ዓመት ከአንድ ድስት በልተናል። በረመዳን ሳበስል ምላሴን ላስነካ ልቤ አይፈቅድልኝም። የምትቀምስልኝ እሷ ነበረች። አንድ ማንኪያ ታነሳና፣ "ነቢላ፣ ጨው የለውም!" ብላ ትጮሃለች። ቆንጠር አድርጋ ትጨምርበታለች።

"አንቺን እንደ ከብት አሞሌ ማላስ ነበር" እላታለሁ።

አምና አዳማ ላይ በተደረገው የክለብ መምረጫ ውድድር አለፈችና ሻንጣዋን ይዛ አዲስ አበባ ገባች። አልጋዋን አላነሳሁትም። ዘንድሮ እኔም ካለፍኩ እዚያው ክለብ፣ እዚያው ካምፕ፣ አንድ ክፍል እንሆናለን። ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነው፤ ለሜዳሊያውማ ማን ደንታ አለው።

ረመዳን ገባ። ብቻዬን አበስላለሁ፣ ብቻዬን አፈጥራለሁ። ጨው ያስጠማል እያልኩ ቀነስኩ፣ አሁንም ቀነስኩ። አሰልጣኝ ወንድምአገኝ ልምምድ ላይ ደጋግሞ ነግሮናል።

"አዳማ እንደ አሰላ እንዳይመስላችሁ፤ ላባችሁ ጨዋችሁን ይዞት ነው የሚወርደው። ከውድድሩ በፊት ጨው ያለው ምግብ ብሉ። ውሃውን ሰውነታችሁ ውስጥ የሚያቆየው እሱ ነው።"

እሺ ብዬ ነበር። የበላሁም መስሎኝ ነበር፤ ለካ ምላሴ ጨው አልባውን ለምዶታል። ውድድሩ ስለደረሰ ለኢድ እንኳ ሁሩታ ቤተሰቦቼ ጋ አልሄድኩም።

ኢድ እንዳለፈ አዳማ ወረድን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በየጣቢያው ውሃ ጠጣሁ፤ ሆዴ ውስጥ ተንቦጫቦጨ እንጂ ጥሜን አልቆረጠውም። እስከ አስራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ከመሪዎቹ ጋር ነበርኩ። ከዚያ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲያልፉኝ እኔ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ እግሬን አሻለሁ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

አሰላ ተመልሼ ክፍሌ እንደገባሁ ሀሴት ደወለች።

"ሰማሁ። ምን ሆንሽብኝ?"

"ባቴን ያዘኝ።"

"ጨው አልበላሽም እንዴ?"

"የበላሁ መስሎኝ ነበር።"

"ወጡን ማን ቀመሰልሽ?"

  ከኋላዋ የካምፑ ልጆች ሲሳሳቁ ይሰማኛል። "ነቢላዬ፣ ለራት እየጠሩን ነው፤ እደውልልሻለሁ፣ እሺ?" አለችኝ።

ስልኩን አስቀምጬ ትናንት አዳማ ከመውረዴ በፊት የሠራሁበትን የወጥ ድስት ከፈትኩ። አሁን ጾም የለ፣ ምን የለ። አንድ ማንኪያ አነሳሁና ቀመስኩ።

"ነቢላ፣ ጨው የለውም!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ልክ እንደ እሷ።

ከዚያ ባዶው አልጋ ላይ ተቀምጬ ጨው ሳልጨምርበት እንዳለ በላሁት።