በአዳር ዘጠና ዩሮ

ካሊዮፒ የዕረፍቱን ወጪ ጽፋ ከእናቷ ፊት አስቀመጠችው። ከፒሬዎስ ወደብ ሲኪኖስ ደሴት ደርሶ መልስ መርከብ ለእናት፣ ለልጅና ለአማች፤ ምግብ፤ የባሕር ዳር ጥላና ወንበር፤ ማረፊያ ሰባት አዳር፣ በአዳር ዘጠና ዩሮ።

ዴስፒና መነጽሯን አደረገች። በመርከቡ አልተከራከረችም። ጥላውን ግን ሰረዘችው፤ ለጥላ የሚከፍል ሰው ዛፍ አያውቅም አለች። ማረፊያው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

“የማን ቤት ነው?”

ካሊዮፒ ተነሥታ ያልቆሸሸ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። “የአጎቴ።”

“አጎትሽ የሚኖረው ሚስቱ ከወላጆቿ ይዛ በመጣችው ቤት ነው። ሌላ ከየት አመጣ?”

ዴስፒና ባሏ ኒኪታስ ከሞተ ወዲህ ደሴቷን አልረገጠችም። የቤታቸውን ቁልፍ ለዋርሳዋ፣ ለባሏ ወንድም ለያኮቮስ የሰጠችው መስኮቱን እየከፈተ ነፋስ እንዲያስገባበት ነበር። እሱ ግን አንሶላ አንጥፎ ለእንግዳ ያከራየው ጀመር። ለእነሱም፣ ቤተሰብ ናቸው ብሎ፣ ከመቶ ሠላሳ ወደ ዘጠና ዝቅ አድርጎላቸዋል።

“እማዬ፣ ነሐሴ እኮ ነው፤ ሌላው ቤት ሁለት መቶ ነው። ቅናሽ አድርጎልናል።”

“ቅናሽ” አለች ዴስፒና። የግቢውን የውሃ ጉድጓድ ኒኪታስ በእጁ ነበር የቆፈረው። ይህን አልተናገረችም። ስልኩን አነሣች።

ያኮቮስ በደስታ ተቀበላት። ጣሪያው አፍስሶ እንደነበር፣ ቀለሙ ምን ያህል እንዳስወጣው ዘረዘረ። ደግሞም የእመቤታችን በዓል ሳምንት ነው፣ ለፈረንሳዮች ቢሰጠው እጥፍ ያገኝበት ነበር።

“ለአንቺ ብዬ ነው፣ ሙሽራዬ” አለ። በስድሳ አንድ ዓመቷም ለባሏ ቤተሰብ ሙሽራ ነበረች።

“ያኮቮስ፣ ስማኝ። የእመቤታችን ዕለት፣ በስሟ ስለምጠራ፣ የስም ቀኔ ነው። ማንንም ሳልጠራ መንደሩ በሙሉ ‘ብዙ ዓመት’ ሊለኝ ይመጣል፤ ቄሱም ይመጣሉ። ጣፋጭ እያቀረብኩ ለእያንዳንዱ እነግረዋለሁ፦ ብሉ፣ የተቀመጣችሁበትን ለዋርሳዬ በአዳር ዘጠና እከፍልበታለሁ።”

“አንቺ እንዲህ አትናገሪም ነበር” አላት ያኮቮስ።

“የሚናገርልኝ ነበረ።”

እንግዲያው ያለ ክፍያ ኑ፣ ስጦታዬ ይሁን አለ።

“የራሴን ቤት አትሰጠኝም። ቁልፉን ይዘህ ወደቡ ላይ ጠብቀኝ።”

ዘጋችበት። ማረፊያ የሚለውን መስመር ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘችው።

ካሊዮፒ እጇን አደራረቀች። “ስድስት መቶ ሠላሳ ዩሮ ተረፈን” አለች፣ ለመታረቅ ፈልጋ።

ዴስፒና ቀና ብላ አላየቻትም።

“አልተረፈንም። እያወቅሽ ልትሰጪው ነበር።”