ድምፅ የሌለው መኪና

“እስቲ ከሥሩ እንጀምር፤ መኪናው በሩ ስንት ነው?” አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

“አራት ነው” አለ ኤፍሬም።

“ሚኒባሱም አራት ነው። ይሄ ሰው ያጣላል?”

“የስፖርት መኪና ነው እኮ ጋሼ። የስፖርት መኪና ሁለት በር ብቻ ነው የሚኖረው ይላሉ።”

“ኋላ የሚቀመጠው ሰው በየት ይገባል ታዲያ?”

“ኋላ ሰው አይቀመጥም።”

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ወደ ሀጂ ሸምሱ ዞሩ። ሀጂ ሸምሱ መቁጠሪያቸውን እየነካኩ ጥቂት አሰቡና፣ “ለመሆኑ መኪናው አሁን የት ነው ያለው? ሄደን እንየው” አሉ።

“ገና አልተሠራም ሀጂ። ፋብሪካው ወደፊት እሠራለሁ ብሎ ያወጣው ዕቅድ ነው።”

“ባልተወለደች ጥጃ ወተት ተጣላችሁ በለኛ።”

እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ቡታጅራ ውስጥ የድንበር ጠብ ዳኝተዋል፣ ውርስ አካፍለዋል፣ ሊፋቱ የተነሡ ባልና ሚስት ከመንገድ መልሰዋል። ባልተሠራ መኪና ሲሸመግሉ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ቅዳሜ ጠዋት በጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ግቢ፣ አቮካዶው ሥር አራት የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። በአንድ ወገን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ኤፍሬም፣ ፊት ለፊቱ መካኒኩ ናጃህ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምረው አርባ ዓመት ያልተለያዩ ሰዎች፣ እነሆ ሁለት ወር ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም።

“አንተስ ናጃህ፣ ቂም ይዘሃል?” ብለው ጠየቁ ሀጂ ሸምሱ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው።

ናጃህ ከንፈራቸውን አየ። “አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው” አለ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። የኤፍሬም ምላስ ሳያስበው ተንቀሳቀሰ። ሦስት ዓመት የለመደው ሥራ ነበር። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት ከናጃህ በስተግራ ይቀመጥና፣ ጨዋታ የሚጨምር መስሎ “ቂም ይዘሃል ወይ ነው የሚሉህ” ይለው ነበር። ዛሬ ግን የተቀመጠበት ወንበር የባላጋራ ወንበር ነው። ጥያቄውን ሳይደግምለት ቀረ።

ነገሩ የተጀመረው በኤፍሬም ሱቅ ነው። በፊልትሮውና በፍሬን ሸራው መደርደሪያ ጀርባ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ “ፓርላማው” የሚላቸው ሰዎች ይሰበሰባሉ፦ የባንኩ አምሀ፣ ባጃጅ ነጂው ፍቅሩ፣ ናጃህና ባለሱቁ። የሚነጋገሩት ስለ አንድ የውጭ አገር የስፖርት መኪና ፋብሪካ ነው። ከመካከላቸው ያን መኪና በዓይኑ ያየ አንድም የለም። ቡታጅራ ቢመጣ እንኳ መናኸሪያው በር ላይ ያለው ጉድጓድ ሆዱን ይዞ ያስቀረዋል። ዋጋው የሱቁን መደዳ ከነባለቤቶቹ ይገዛል። ፍቅር ግን ፍቅር ነው። ኤፍሬምና ናጃህ ተማሪ ሳሉ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ የሚጠጡበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ካላንደር ላይ ያዩት ቀይ መኪና፣ ከልባቸው ሳይወጣ ሁለቱም ጠጉራቸው ሸበተ።

በዚያ ቀን ፍቅሩ ከስልኩ እያነበበ ነበር። ፋብሪካው በሚቀጥሉት ዓመታት አምስት አዳዲስ ሞዴል ሊያወጣ ነው።

“ይሄኛው ከፍ ያለ፣ ባለ አራት በር፣ የዕቃ መጫኛው ሰፊ...” አለ።

“በርበሬ ሊጭኑበት ነው?” አለ አምሀ።

“የመጨረሻው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ። ድምፅ የለውም።”

“በቃ ቀበሩት። ሚጥሚጣ የሌለው ክትፎ” አለ አምሀ።

“ዓለም የሄደበት መንገድ ነው” አለ ኤፍሬም። እሱ አዲስ ነገር ሲመጣ ቀድሞ ማመን ይወዳል፤ አዲስ ስልክም፣ አዲስ ሰባኪም። “እናንተ ጭስና ጩኸት ካልሆነ መኪና አይመስላችሁም።”

“ፋዘር፣ መብራት በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ ረሱት እንዴ?” አለ ፍቅሩ። “በጀነሬተር ሊሞሉት ነው?”

ናጃህ እስከዚያ ድረስ በፍቅሩ ከንፈርና በኤፍሬም ድጋሚ ንግግር ነገሩን ሲከታተል ቆይቶ እጁን አነሣ። “መኪና የሚወደደው በጆሮ ነው” አለ። “ዓይን ይሸነገላል፤ ቀለም ቀብተህ ታታልለዋለህ። ድምፁን ከወሰዱበት ምን ቀረው? ኤፍሬም ግን ባይገባው አልፈርድበትም። እሱ መኪና የሚያውቀው በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ ነው።”

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አምሀ ጠረጴዛውን መታ። ኤፍሬምም ሊስቅ ሞከረ፤ ግን እውነት ነበርና ወጋው። ሠላሳ ዓመት መለዋወጫ ሲሸጥ፣ አንድም ቀን ሞተር ፈትቶ አያውቅም። እንዲሰማለት ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገና፣

“አንተ ደግሞ ምን አገባህ?” አለው። “ቢጮኽም አትሰማው።”

ሳቁ ቆመ። ኤፍሬም ቃሉን ከአየር ላይ መልሶ ሊይዘው የፈለገ ይመስል እጁን ዘረጋ። ናጃህ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሁለቱ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አብረው ሄደው ነበር። የናጃህ ቀኝ ጆሮ ተደፍኗል፣ ግራውም እየተከተለው ነው አላቸው ሐኪሙ። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ናጃህ፣ “ከሚስቴና ካንተ ሌላ ማንም እንዳይሰማ” አለ። ኤፍሬምም ማለለት። ጆሮው የማይሰማ መካኒክ ማን ያምነዋል? ናጃህ ግን መላ አላጣም። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፍና እጀታውን በጥርሱ ይነክሳል፤ የሞተሩ ድምፅ በብረቱ መጥቶ በጥርሱ በኩል ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባል። እኛ ጎረቤቶቹ ይሄን የጥበቡ ምልክት አድርገን ነበር የምናየው። እንዲያውም በመንገዱ ማዶ ያሉ ወጣት መካኒኮች ጆሯቸው ደህና ሆኖ ሳለ ካቻቢቴ መንከስ ጀምረው ነበር።

ከዚያ ምሳ በኋላ ሁሉም ገባው። ማንም ክፉ አልተናገረም። ሚኒባሶቹ ብቻ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጋራዥ መታጠፍ ጀመሩ። ከኛ ከጎረቤቶቹ መካከል እንኳ ሞተር ብስክሌቱን እየገፋ በጓሮ መንገድ ሌላ ጋ የወሰደ አለ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም።

ለሽማግሌዎቹ የደረሳቸው እንግዲህ “በመኪና ሞዴል ተጣሉ” የሚል ወሬ ነው። ናጃህ አላረመም፤ ማረም ማለት ያንን ነገር ደግሞ ማሰማት ነው። ኤፍሬምም አላረመም፤ እንዲህ ሆኖ መቆየቱ ተመችቶት ነበር።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ኤፍሬም፣ ባለ አራት በሩ የስፖርት መኪና አይደለም ብለህ ታምናለህ። ናጃህ፣ የፈረንጁን ፋብሪካ ለፈረንጁ ትተዋለህ። ካሣው... ሥጋ አንድ ላይ ስለማትበሉ፣ ኤፍሬም ለሁላችንም ስፕሪስ ያጠጣል። አቮካዶው ይብዛበት።”

“አምናለሁ፤ አጥፍቻለሁ” አለ ኤፍሬም።

ናጃህ ሰዎቹ ሲነሡ አይቶ ተነሣ። እጅ ተጨባበጡ፣ ትከሻ ለትከሻም ተሳሳሙ። ሀጂ ሸምሱ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ አሜን አሉ። ናጃህ ስፕሪሱን ሳይጠብቅ፣ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ።

ኤፍሬም ቀለል ብሎት ቤቱ ገባ። ሚስቱ ማዕዶት ከጓሮ የቆረጠችውን ጎመን እየለቀመች ነበር።

“ታረቅን” አላት።

“እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ብለህ ይቅርታ ጠየቅከው?”

“ስለ መኪናው አጠፋሁ አልኩ። ባለ አራት በር...”

ማዕዶት ቀና አለች። “መኪናውን ነው የበደልከው?”

ኤፍሬም ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። ምሳ ሲቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎረሰና ጫማውን መልሶ አጠለቀ።

የናጃህ ጋራዥ መናኸሪያው አጠገብ፣ የባጃጆቹ ወረፋ የሚያልፍበት ጥግ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያ ስላለ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ባጃጆቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ክንድ ክንድ ወደፊት ይላሉ። የጋራዡ በር ላይ ሚስቱ ከድጄ መፍቻዎቹን በመጠን በመጠን እየለየች በጆንያ ትጠቀልላለች።

“እንዴት ዋልሽ ከድጄ?”

“አልሐምዱሊላህ። ታረቃችሁ ሲሉ ሰማሁ።”

“ታርቀናል።”

“እኔም ለናጃህ ‘ታረቃችሁ አሉ’ አልኩት። ‘በምን?’ አለኝ።” አስራ ሰባት ቁጥሩን መፍቻ አንሥታ አየችውና ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው። “ሰኞ የጋራዡን ቁልፍ እናስረክባለን። ወንድሙ መስቃን ውስጥ መሬት አለው፤ አብረን በርበሬ እንተክላለን ብሎታል። በርበሬ ድምፅ የለውም።”

“ከድጄ፣ እኔ...”

“ለኔ አትንገረኝ” አለች፣ ሳትቆጣ። “ውስጥ ነው ያለው።”

ውስጥ አንድ ከእንሴኖ የመጣ አሮጌ አይሱዙ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ባለቤቱ የቡታጅራን ወሬ ያልሰማ ሰው መሆን አለበት። ናጃህ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ፣ ካቻቢቴውን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ኤፍሬም ከቆመበት ሆኖ አንድ ቀጭን ልቅሶ የመሰለ ድምፅ ይሰማዋል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አያውቅም። ናጃህ ጫፉን ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው ቀስ እያለ አዛወረ። የውሃ ፓምፑ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ ለራሱ ራሱን ነቀነቀ።

“ኩሽኔታው አልቋል” አለ።

ኤፍሬም ወደ ሞተሩ ጠጋ አለ። ሰውየው ያኔም፣ አሁንም ያውቃል። ምንም አልጎደለበትም ነበር፤ የጎደልነው እኛ ነን።

በናጃህ ቀኝ በኩል ቆሞ መናገር ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሁለት ወር ሙሉ ያጠራቀመውን ሁሉ ተናገረ። አውቶቡስ ውስጥ የማለውን መሐላ፣ ሳቁ እንዴት እንዳናደደው፣ ቃሉ ሲወጣ ሊይዘው እንደፈለገ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ስለ በር ሲያወራ እንዳፈረ ሁሉንም ተናገረ። እንዲህ አድርጎ መናገር ይችላል ብሎ ራሱም አያስብም ነበር። ሲጨርስ ፊቱ ርሶ ነበር።

ናጃህ አጎንብሶ የፓምፑን ቀበቶ ተመለከተና ሞተሩን ሊያጠፋ ዞረ። ያኔ አየው።

“መጣህ እንዴ?” አለ። ቁልፉን አዞረና ሞተሩ ጸጥ አለ። “የምትለው ነገር ነበር? አልሰማሁህም።”

ከዚያም እንደ ለመደው፣ ሦስት ዓመት እንዳደረገው፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ግራ ጆሮውን ሰጠው።

ኤፍሬም አንድ እርምጃ ተራመደ። ጠጋ ብሎ ጆሮው ሥር ቢናገር ይሰማዋል፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። በሩ ላይ ወረፋው ቆሟል። ፍቅሩ ሦስተኛ ነው፤ ባንክ ዘግቶ የወጣው አምሀ ከኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ስልክ ለሁለት ያያሉ፣ ስለዚያው መኪና ሳይሆን አይቀርም። ፓርላማው ከነሙሉ አባላቱ፣ ከበስተኋላውም ግማሽ ቡታጅራ።

ያን ቀን የተናገረው ጆሮው ሥር አልነበረም።

የተራመደውን እርምጃ ወደ ኋላ መለሰ። እስከ በሩ ድረስ ሄደና ወረፋውና ናጃህ እኩል በሚያዩት ቦታ ላይ ቆመ። ከድጄ መፍቻ መጠቅለሏን አቆመች። ኤፍሬም አየር ሳበና፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አውጥቶት በማያውቀው ድምፅ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።

“ናጃህ! እኔ ያን ቀን ሱቄ ውስጥ ያልኩህ...”

ፍቅሩ ቀና አለና እጁን ሰዶ የባጃጁን ሞተር አጠፋ። ከኋላው ያለውም አጠፋ።