ወፍጮው የቆመባት ቅዳሜ

"አንድ ስልክ" አለኝ ማንያዘዋል፣ የሬዲዮ ጣቢያችን ኃላፊ። "ዛሬ አንድ ሰው ከደወለ ዝግጅትሽ ይቀጥላል። ካልደወለ ግን ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ በዚያ ሰዓት የሠርግ ዘፈን እናስገባለን። ደግሞ ወንድምሽ አይቆጠርም!"

ወንድሜ ወንዴ ባለፈው ሳምንት "ከአዘዞ ነው የምደውለው" ብሎ ደውሎ ነበር። ድምፄን ቀየርሁ ብሎ በአፍንጫው ያወራል! ጣቢያው በሙሉ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ ደሜ ይፈላል።

ሚስጥር እባላለሁ። ቁስቋም ተወልጄ ያደግሁ፣ ሄቪ ሜታል የምወድ ሴት ነኝ። አዎ፣ እሱኑ ጩኸት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጡኝ ለምኜ፣ ተጨቃጭቄ፣ የዚህን ሙዚቃ ታሪክ በየሳምንቱ ልተርክ ተነሣሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ በርሚንግሃም አወራሁ፣ ስለ እንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ። እዚያ አንድ ወጣት ጊታር ተጫዋች ነበረ። የፋብሪካ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። አበቃለት ሲባል የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቆይቶም የጊታሩን ክር አላላው። ያ ወፍራም ድምፅ ከእንዲህ ያለ እጅ ነው የወጣው።

በሌሎቹ ቅዳሜዎች ደግሞ እየተገለበጠ አገር ላገር ስለዞረው ካሴት፣ ሞስኮ ላይ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ስለፈሰሰበት ኮንሰርት፣ ቦትስዋና ውስጥ ቆዳ በቆዳ ለብሰው ስለሚዘንጡት ሜታል ወዳድ ከብት አርቢዎች ተረክሁ። ሰባት ሳምንት! አንድ ሰው ደውሎ እንኳ አልሰደበኝም። ስድቡም በናፈቀኝ!

የምታዳምጠኝ እናቴ ብቻ ነበረች። "ያ በደወል የሚጀምረው ዘፈን ሸጋ ነው" አለችኝ አንድ ቀን። "ከደወሉ በኋላ ግን ምነው ተጣሉ?"

ስምንተኛው ቅዳሜ ደረሰ። "ዛሬ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል" ብዬ የስልክ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ተናገርሁ። ስምንት ከሃያ ሆነ። የስልኩ መብራት ወይ ፍንክች! ማንያዘዋል ከመስታወቱ ማዶ የሠርግ ዘፈን የተጫነበትን ፍላሽ በጣቱ ያሽከረክራል። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ለካ ሰባት ሳምንት ሙሉ ለግድግዳ ሳወራ ነው የከረምሁት ብዬ አፈርሁ።

"እንግዲህ ውድ አድማጮቼ፣ ካላችሁ ማለቴ ነው…" ብዬ ልሰናበት ስል መብራቱ በራ።

"ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?" የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ይጮኻል። ከኋላው የሴቶች ጫጫታ አለ።

"ይሰማል አባቴ! ማን ልበል?"

"ፋንታሁን ነኝ፣ ከድብ ባሕር። ወፍጮ ቤት ነው የምሠራ። ጆሮዬን ወፍጮው ስለደፈነው ጮክ በይልኝ!"

ሞገዳችን ያን ያህል ርቆ ድብ ባሕር መድረሱን እንኳ አላውቅም ነበር።

"አያ ፋንታሁን፣ ዝግጅቱን ያዳምጡታል?" ብዬ ጮኽሁ።

"ሌላ ምን ይሰማኛል ልጄ! ወፍጮው ሲዞር ዜናው አይሰማ፣ ዘፈኑ አይሰማ። ወፍጮውን ጥሶ የሚገባ ያንች ጩኸት ብቻ ነው። ጩኸቱ ሲያልቅ ወሬሽን ደግሞ ሬዲዮኑን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እሰማለሁ። ታዲያ ለመደወል ወፍጮውን ማጥፋት አለብኝ፤ ቅዳሜ ደግሞ ሰልፉ አያድርስ ነው። ሴቶቹ ይበሉኛል ብዬ ሰባት ሳምንት ፈራሁ። ዛሬ የመጨረሻ ነው ስትይ ጊዜ ቀጥ አደረግሁት!"

"ምነው አያ ፋንታሁን!" አለች አንዲት ሴት ከኋላቸው። "ልጆቼ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው?"

"ቆይ እንጂ እናኑ!" አሏት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ያ ጣቱ የተቆረጠው ሰውዬ… እኔንም የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ቺንጋ ሁለት ጣቴን በልቶኛል። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በፊት እዚህ አገር ሠርግ ያለ እኔ መሲንቆ አይደምቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ቀና ብዬም አላየሁት። አንች ስትናገሪ ጊዜ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ፣ በእሳት አለስልሼ፣ ለጣቴ ቆብ አበጀሁ። የመጀመሪያው አቃጠለኝ። ሁለተኛው ወለቀ። ሦስተኛውን ተይው። አራተኛው ሸጋ ሆነ። የመሲንቆውን ጭራም እንዳልሽው አላላሁት። እስቲ ስሚኝ።"

መሲንቆው ጀመረ። እኔ የማውቀው የመሲንቆ ድምፅ አልነበረም፤ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ከሆድ የሚወጣ ነው። አንዳንዴ ጣታቸው ይስትና ይቆማሉ፤ "ኤዲያ!" ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ስምንት ሳምንት ያወራሁት ታሪክ በአየር ላይ ቀርቶ የጠፋ መስሎኝ፣ ለካ ድብ ባሕር ላይ ጀሪካን ሲያስቆርጥ ኖሯል። ሴቶቹም ጫጫታቸውን ተዉ።

ሲጨርሱ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ወደ ማንያዘዋል ዞሬ "ላቁም?" ብዬ በእጄ ጠየቅሁት። የለም በሚል ራሱን ነቀነቀና ፍላሹን ኪሱ ከተተው።

"ልጄ፣ አለሽ?" አሉ አያ ፋንታሁን። "በይ ወፍጮዬን ላስነሣ፤ ሰዉ ቆሟል።"

"ምን ያጣድፍሃል!" አለች እናኑ ከኋላቸው። "ወፍጮው ይቆይ፤ እስቲ ድገመው!"

ደገሙት።