ከእንግሊዝኛ በቀር

ስብሰባው የተጠራው ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ወላጆች ነበር። እናትየው ከምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት በቀጥታ ስለመጣች የካውያው ሙቀት ገና ከእጇ አልበረደም። ከኋላ፣ ለልጆች በተሠራ ጠባብ ዴስክ ውስጥ ጉልበቷን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከፊቷ ክራቫት ያሰሩ አባቶችና ስልካቸውን የሚነካኩ እናቶች ነበሩ።

የእንግሊዝኛ መምህሩ ቀጭን፣ ፈጣን ተናጋሪ፣ ጠመኔ የነካ ጣቱን ሱሪው ላይ የሚጠርግ ሰው ነው። የዘንድሮው ፈተና እንደ ድሮው ወረቀት ላይ ማጥቆር ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። እያንዳንዱ ተማሪ ከሌላ ቦታ በሚመጡ ሁለት ፈታኞች ፊት ይቀርባል፤ በእንግሊዝኛ ይጠየቃል፤ በእንግሊዝኛ ያወራል። በዚህ ያልተሳካለት፣ ሌላው ውጤቱ ሰማይ ቢነካ፣ ያ ሁሉም የሚመኘው ሩቅ ዩኒቨርሲቲ በሩን አይከፍትለትም።

"ስለዚህ አደራ" አለ መምህሩ። "እስከ ፈተናው ድረስ ቤታችሁ ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ! ሌላ ቋንቋ በገባ ቁጥር እኛ እዚህ የገነባነው እዚያ ይፈርሳል።"

"ሚስቴ በእንግሊዝኛ መቆጣት ከጀመረችማ አለቀልኝ!" አለ ከፊት የተቀመጠ አንድ አባት። ክፍሉ ሳቀ። እናትየውም ሳቀች፤ ግን ትንሽ ዘግይታ። "የሌለንስ ምን እናድርግ?" ብላ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ እጇ ከጭኗ ላይ አልነሳ አላት። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ሲያያት ታያት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ምክር በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰው ነበር። እሷ ግን ገና አምና ነው ፊደል የጀመረችው፤ ማታ ማታ በጎልማሶች ትምህርት ቤት። ዘግይቶ የጀመረ ሰው አስተማሪን እንደ ሐኪም ነው የሚያምነው። ክኒኑን "ከምግብ በኋላ" ካሉት ከምግብ በኋላ ነው፤ አይከራከርም። የማታ አስተማሪዋ "እርሳሱን እንዲህ ያዢ" ካለቻት ጣቷ እስኪደነዝዝ እንዲያ ትይዛለች። ታዲያ የልጇን ሕይወት የያዘው መምህር ያለውን እንዴት ታጓድል?

መንገድ ላይ አወጣች አወረደች። ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይሰማ ብሏል። እኔ እንግሊዝኛ የለኝም። እንግዲህ ቤት ውስጥ መሰማት የሌለብኝ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ለልጅቷ አልነገረቻትም። ሚጡ ብትሰማ "ተይው እማ፣ ደግሞ እንዲህ ይባላል?" ብላ እንደምታስቆማት ታውቃለች። እንግዲህ ሚጡ የዋህ ናት፤ ለእናቷ ስትል ፈተናዋን የምትጥል ዓይነት። ስለዚህ እናት አፏን ለጎመች።

ቤታቸው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክፍል ናት። አባት የለም፤ ከሞተ ቆየ። ማታ ማታ ልማድ ነበራቸው። እናት በመንገዷ ላይ ያየቻቸውን የሱቅ ጽሑፎች እንደምንም ፈታ በቃሏ ይዛ ትመጣለች፤ ሚጡ ደግሞ "ዛሬስ ምን አነበብሽ?" ትላታለች። "ፀጉር እናስተካክላለን" የሚለውን "ፀጉር እናስካካለን" ብላ ያነበበችላት ቀን ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል።

"እማ፣ ዛሬስ ምን አነበብሽ?"

እናት በጣቷ ጉሮሮዋን አሳየች።

"ውይ! አመመሽ እንዴ? ጉንፋን ነው?"

ራሷን ነቀነቀች። ሚጡ ተነስታ ውሃ አሞቀች፤ ማር በጠበጠችበት። እናት ማሩን ከውሸቱ ጋር አብራ ጠጣችው።

መጀመሪያ አካባቢ ነገሩ ያማረ መሰለ። ሚጡ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና በእንግሊዝኛ ብቻዋን ታወራለች፤ ጠያቂም መላሽም ራሷ ናት። ድምፅዋ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። እናት ወዲህ ሆና ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋ እንኳ እንዳይሰማ ከእንጨቱ ላይ ጨርቅ አነጠፈች። ዳቦ ሲቀርብ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች፤ ነይ ብዪ ማለቷ ነው። አንድ ሳምንት ሲያልፍ ግን ሚጡ የእናቷን አንገት ዳበሰች።

"አላበጠም እኮ። ክሊኒክ እንሂድ?"

እናት እጇን አወዛወዘች። አያስፈልግም።

ምላስ ግን እንደ ውሃ ነው፤ በአንድ በኩል ሲገድቡት በሌላው ይፈሳል። እቤት የዋጠችውን ሁሉ ሥራ ቦታ ትዘረግፈው ጀመር። አጠገቧ ልብስ የምታጥፈው ባልደረባዋ ወሬ ስለማይቆምላት "ሬዲዮ" ነው የምትባለው፤ አሁን እሷ እንኳ ተራ አጣች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን በላሽ? ጣቢያውን ቀማሽኝ እኮ!"

"ተይኝ ባክሽ፣ ልተንፍስበት።"

"ተንፍሺ፣ ማን ከለከለሽ። ግን እኔም ሰው ነኝ፤ አማቼ የሠራችኝን ሳልነግርሽ ሦስት ቀን አለፈ። ሆዴ ሊፈነዳ ነው!"

እናትየው ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ አንድ ደንበኛ አሥር ሸሚዝ አምጥቶ ያሥራ አንደኛውን እጅጌ እንዴት እንደጠየቃቸው፣ ድምፁን አስመስላ፣ እጇን እያወናጨፈች አወራች። ሬዲዮ እንባዋን በታጠፈ አንሶላ ጠረገች።

"ቆይ፣ ያቺ ልጅሽ አይደለችም?"

እናት ዞር ስትል በሩ ላይ ማንም የለም። ከልብስ መቀበያው መደርደሪያ ላይ የቤታቸው ቁልፍ ተቀምጧል። ጠዋት እናት ቤት ረስታው የወጣችው ነው።

"አሁን እዚህ ቆማ ነበር" አለች ሬዲዮ። "ስታይሽ ቆየች እኮ። ሰላም እንኳ ሳትለኝ ሄደች።"

እናት ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች። ሬዲዮ ነጥቃ ባታነሳው ኖሮ የአሥራ አንደኛው እጅጌ በእውነት ይጎድል ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሚጡ "ምን አነበብሽ" አላለችም። ጉሮሮዋንም አልጠየቀችም። ዳቦዋን በልታ ሰሃኗን አጥባ ወደ መጋረጃው ገባች። እናት ወዲህ ሆና ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ እንግሊዝኛውን ጠበቀች። አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ገጽ ሲገለጥ ይሰማል፤ ሌላ ምንም።

ልንገራት ይሆን? ብላ ስንት ጊዜ መጋረጃው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ትንሽ ቀን ነው የቀረው፤ እስካሁን የታገስኩትን አሁን ላፍርሰው? ፈተናው ይለፍ፣ ያኔ ሁሉንም እነግራታለሁ። እንዲህ እያለች ራሷን ታባብላለች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆነው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ኖሩ። ግድግዳው እንኳ ከእነሱ ይልቅ ከጎረቤት ቴሌቪዥን ብዙ ወሬ ይሰማ ነበር።

"ዝምታ ደግሞ የማን አገር ቋንቋ ነው?" አለች ሬዲዮ ነገሩን ስትሰማ። "ሂጂ ጠይቂው ሰውየውን! አስተማሪ እንጂ ዳኛ አይደለም፤ አያስርሽም።"

በምሳ ሰዓት ሄደች። መምህሩን በመምህራን ክፍል በር ላይ፣ በአንድ እጁ የተነከሰ ዳቦ ይዞ አገኘችው።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ በስብሰባው ያሉት… እንግሊዝኛ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?"

"የቱን ነበር ያልኩት?"

"ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይሰማ ያሉት። እኔ ስለሌለኝ፣ ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልጄ ጋር አላወራሁም።"

መምህሩ ማላመጡን አቆመ። የማን እናት እንደሆነች ጠየቃት፤ ስትነግረው ዳቦውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ።

"እናቴ፣ እኔ እኮ… ሰው ይበርታ ብዬ ነው እንዲያ የምለው። በየዓመቱ እለዋለሁ። ማንም እንዲህ አድርጎት አያውቅም።" ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። "እሷ ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ ተናጋሪ ነበረች። ባለፈው ሳምንት የልምምድ ፈተና አደረግንላቸው። 'ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?' ብዬ ጠየቅኳት፤ ቀላል ብዬ ያስጀመርኩላት ጥያቄ ነበር። አንዲት ቃል አልወጣትም። ተነስታ ወጣች።"

"ትወድቃለች?"

"በዚህ ከቀጠለች አዎ።"

ወደ ሥራ እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። ማታ ቤት ስትገባ ሚጡ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

"ሚጡ" አለች እናት። ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

ልጅቷ ከመጽሐፉ ቀና አላለችም። "ዳንሽ እንዴ? ወይስ ሬዲዮ ዛሬ ሥራ አልገባችም?"

"ስሚኝማ፣ የኔ ልጅ…"

"ሰማሁሽ እኮ! በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁሽ። ድምፅ ስታስመስይ፣ ስትስቂ። ለሰው ሁሉ አፍ አለሽ፤ ለእኔ ነው ጉሮሮሽ የሚያምሽ።"

እናት ነገረቻት። ስብሰባውን፣ ክራቫት ያሰሩትን፣ ያልተነሳውን እጇን። ሚጡ አፏን ከፍታ ሰማች፤ ግማሹ ላይ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ።

"እማ፣ አንቺ ጤነኛ ነሽ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ታስቆሚኛለሽ ብዬ።"

"አስቆምሽ ነበራ!" ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። "እኔ እኮ እንድሄድ ስለማትፈልጊ ያኮረፍሽኝ መስሎኝ ነበር። 'እሺ በቃ፣ አልሄድም፤ ልውደቅላት' አልኩ።"

አይደለም ማለት ለእናት ቀላል ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ እውነት አይሆንም። ሚጡ ከመጋረጃው ወዲያ በዚያ በማይገባት ቋንቋ ስታወራ፣ የልብስ ሻንጣ ሲሞላ የምትሰማ ይመስላት ነበር።

"ብትቀሪ ደስ ይለኛል" አለች በመጨረሻ። "ስትወድቂ ግን ማየት አልፈልግም። ሁለቱም ልቤ ውስጥ አለ፤ ምን ላድርገው?"

ሚጡ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ አስቀመጠች። "እንግዲያው ቁጭ በይ። ፈታኟ አንቺ ነሽ።"

"እኔ ምን አውቄ?"

"አትወቂ። ብቻ እዪኝ። እዪኝና ራስሽን ነቅንቂ።"

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እናት ፈታኝ ሆነች። በራሷ ቋንቋ ትጠይቃለች፤ ሚጡ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ቃሉ አይገባትም፤ ፍርሃቱ ግን ይገባታል። "እዚህ ጋ ተንቀጠቀጥሽ፤ ድገሚው" ትላለች። "የማታውቂውን ታርሚኛለሽ!" ትላታለች ሚጡ፤ ትደግመዋለች።

የፈተናው ቀን እናት ፈቃድ ጠይቃ አብራት ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ወላጆች በአግዳሚ ወንበር ተደርድረዋል። ሚጡ ስሟ ተጠርቶ ገባች፤ በሩ ተዘጋ፤ ግን የላይኛው መስታወት ክፍት ስለነበር ድምፅ ይወጣል።

መጀመሪያ የፈታኙ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ዝምታ። እናት የቀሚሷን ጫፍ ጨመደደች። ተናገሪ፣ ተናገሪ የኔ ልጅ። ከዚያ የሚጡ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ እየተደናቀፈ፣ ቀጥሎ እየተፍታታ፣ ቀጥሎ እንደተለቀቀ ቧንቧ ውሃ። የሚንቀጠቀጥ ቦታ አልነበረውም። ፈታኞቹ ሳቁ። ሚጡም አብራ ሳቀች። ከእናት አጠገብ የተቀመጠው አባት፣ ያ በስብሰባው የቀለደው፣ እሱም ፈገግ አለ።

"የእርስዎ ናት?" አላት።

"አዎ።"

"ጎበዝ! ሰሙ ያለችውን?"

"ሰማሁ" አለች እናት። እውነቷን ነው፤ ሰምታለች። ምን እንዳለች ልትጠይቀው ከንፈሯን አላቀቀች፤ ግን በዚያው የእሱ ልጅ ተጠራ፤ ተነስቶ ሄደ።

ሚጡ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ጓደኞቿ በአንዴ ከበቧት። እናት ባሻገር ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ ልጅቷ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"ሄደልኝ እማ! 'ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው' አሉኝ!"

"ተመስገን! ምን ጠየቁሽ?"

"ስለ ቤት። ስለ አንቺ ነገርኳቸው፤ ሞተው ነበር በሳቅ።"

"ምን ብለሽ?"

ሚጡ አፏን ከፈተች፤ አሰበች፤ እንደገና ከፈተች። "እንዴት ልበልሽ… እንዲህ ሲሉት አያምርም። በእንግሊዝኛ ነው የሚያስቀው። ቆይ፣ ማታ በደንብ እነግርሻለሁ፣ እሺ? ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው።"

"ሂጂ፣ ሂጂ" አለች እናት።

ሚጡ ከጓደኞቿ ጋር በግቢው በር ወጣች። ከሩቅ አንዱ ቃል በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በራሳቸው ሆኖ ጫጫታቸው ይሰማ ነበር፤ ከዚያ አልተሰማም። እናት ቀሚሷን አስተካክላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የግማሽ ቀን ሸሚዝ ተከምሮ ጠበቃት።

"እህሳ?" አለች ሬዲዮ ገና ከበሩ።

"አለፈች። መሄዷ ነው።"

"እልል በያ ታዲያ! ምን ምን አለች?"

እናት ካውያውን ሰካች፤ እስኪግል ጠበቀች።

"ስለ እኔ ነው ያወራችው" አለች። "ረጅም ነው። በጣም ያስቃል አሉ።"